አርባ ብርድ ልብስና አንድ ፌስታል

ሰኔ 30 ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ መሥሪያ ቤታችን አርባ ብርድ ልብስ እንዳለው ቆጥረን ፈረምን። ቅጹ ላይ «ብርድ ልብስ፣ ግራጫ፣ ባለ አንድ ሰው፣ ብዛት 40፣ ሁኔታ፦ አዲስ» ተብሎ ተጻፈ። ለመስክ ሥራ ተገዝተው ሳይታደሉ የቀሩ ናቸው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ግምጃ ቤቱን ቆለፈ፤ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ በማኅተም አሸገው፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ «በሉ፣ ደኅና እደሩ!» ብሎን ደረጃውን ወረደ።

እሱ ለወጉ ያህል ነው ያለው። እኛ ግን የምር አደርን።

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ያኔ ጋዜጣ ቤት አልገባሁም፤ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። በመንግሥት ወይም በባንክ ቤት የሠራ ሰው ሰኔ 30 ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ አይጠፋውም። የበጀት ዓመቱ በዚያች ቀን ያልቃል፤ ሐምሌ 1 ሲነጋ አዲሱ ይጀምራል። ስለዚህ ሂሳብ ይዘጋል፣ ንብረት ይቆጠራል፣ ያልተወራረደ ሁሉ ይወራረዳል። ቀኗ ደግሞ ክረምቱ ጥርሱን ማሳየት የሚጀምርባት ናት። የዓመቱ ረጅም የሥራ ቀንና የዓመቱ ክፉ ዝናብ አንድ ላይ ይመጣሉ ማለት ነው።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ስምንት ሰዎች ቀርተናል። የሂሳብ ሹሙ፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ ሁለት ኦዲተሮች፣ የአይቲው ልጅ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ እኔ፣ እንዲሁም ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ። ዝናቡ 12 ሰዓት ላይ ጀመረ። 2 ሰዓት ሲሆን መብራት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጥበቃው ጋሼ ካፖርታቸው ውሃ እያንጠባጠበ በደረጃ ወጡና በሩ ላይ ቆመው፣ «ድልድዩ ላይ ውሃ ወጥቷል። ታክሲ የሚባል የለም። በእግር እንሂድ የምትሉ ካላችሁ እኔ በር አልከፍትም» አሉ።

ማንም አልተከራከራቸውም። በጨለማ፣ ክዳኑ በጎርፍ የተነሣ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ በሚጠብቅበት መንገድ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ መሄድ ምን እንደሚያስከትል የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። የሚታየው የውሃው ፊት ነው፤ ከሥሩ ያለው አይታይም።

መሳቢያዎቻችን ምን ነበራቸው?

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መሳቢያ መፈተሽ ነበር። ከስምንት ሰው መሳቢያ የተገኘው ይህ ነው፦ ሦስት መብሻ፣ የደረቀ የማኅተም ቀለም፣ አንድ የሎሚ ከረሜላ፣ ሙቅ ውሃ የሌለው የሻይ ቅጠል፣ የጎማ ላስቲክ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ነጠላ ካልሲ። በሂሳብ ሹሙ ቁም ሣጥን ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ብስኩት ተገኘ። ማሸጊያው ላይ ግን የወተት ብርጭቆ ተሥሏል። ሰኔ 30 ደግሞ ምንጊዜም ቢሆን የሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ከስምንታችን አምስቱ ጿሚዎች ነን። ብስኩቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ተያየን።

ከዚያ ትልቁ ጉድ መጣ። መብራት ሲሄድ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ቆመ፤ ፓምፑ ሲቆም አምስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ መጸዳጃ ቤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚገባበት አይሆንም። ውጭ ሰማይ ተቀዶ እየወረደ፣ ውስጥ እጅ የምንታጠብበት ጠፋ። ጋሼ ናቸው ባልዲዎቹን አውርደው አሸንዳው ሥር የደረደሯቸው። ሌሊቱን ሙሉ መጸዳጃ ቤቱን ያጸዳነው በጣራ ውሃ ነው።

4 ሰዓት ሲሆን የስልኮቻችን ባትሪ ማለቅ ጀመረ። የአይቲው ልጅ ዘመናዊ ስልክ ከሁሉ ቀድሞ ሞተ። የተረፈው የጋሼ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር፤ እሳቸው በሦስት ቀን አንዴ ነው ቻርጅ የሚያደርጉት። «ደውሉ» ብለው ሰጡን። ይሁንና ከስምንታችን የቤቱን ሰው ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሦስት ብቻ ሆንን። የሚሊዮን ብር ሂሳብ በቃሉ የሚይዘው ኦዲተር የሚስቱን ቁጥር አያውቅም።

በዚህ መሐል እትዬ ተነሥተው ወደ ደረጃው ሥር ወረዱ። መወልወያና ባልዲ ከሚያስቀምጡባት ጠባብ ክፍል ጥቁር ፌስታል ይዘው ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረገፉት። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ቆሎ በጨርቅ ተቋጥሯል። በማርማላታ ጠርሙስ በሶ አለ። በወረቀት የተጠቀለለ ጨው፣ ሁለት ሻማ፣ ክብሪት፣ ትንሽ ባትሪ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ አንድ ጋቢ። ከዘይት በተረፈ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን የመጠጥ ውሃ።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ መቼ አመጡት?» አልናቸው።

«ሁልጊዜም አለ» አሉ፤ «ቆሎው ሲነቅዝ ነው የምቀይረው።»

እትዬ ከከተማው ዳር ነው የሚመጡት። ከኛ ሁሉ ቀድመው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጣቸው መሄጃ የላቸውም። ለእሳቸው መሥሪያ ቤት ማደር እንደ ዱብ ዕዳ የሚወርድ ነገር አልነበረም፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ የሚያጋጥም ነው። በሶውን በጨውና በውሃ አሽተው እየጨበጡ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ጉርሻ የሚያህል፣ ከቆሎው ደግሞ ሁለት ሁለት እፍኝ አደሉን። ለጋሼ ወደ ታች ላኩላቸው። ጋቢውን ለገንዘብ ያዥዋ ሰጧት። ገና የአምስት ወር ልጅ ቤት ትታ የመጣች፣ ጡቷ ሞልቶ ሲያማት ማንም ሳያይ መጸዳጃ ቤት እየገባች ወተቷን በእጇ እያለበች የምትመለስ እናት ነበረች።

እትዬ ለራሳቸው የቀረላቸው የቆሎ ቋጠሮው ጨርቅ ነበር። አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የክረምት ሌሊቷ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ይሄ ብቻውን ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን በሸሚዝና በእርጥብ ጫማ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ለሚተኛ ሰው ሌላ ነው። ሰውነታችን ሙቀቱን ከአየሩ ይልቅ ለሚነካው ጠጣር ነገር ቶሎ ይሰጣል። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች ባዶ ሲሚንቶ ላይ ከተኛ ሰው፣ ከላይ አንድ ደርቦ ከታች ካርቶን ያነጠፈው በተሻለ ያድራል። ካርቶን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን ያግታል። እኛ ይህን የተማርነው ከጋሼ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመውን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶን ቀደን፣ ዘርግተን፣ በሁለት በሁለት ደርበን አነጠፍነው። ኮምፒውተር የምንሸፍንበት ላስቲክ ብርድ ልብስ ሆነ።

ከኦዲተሮቹ አንዱ ለቡና የተቀመጠውን ከሰል ምድጃ አይቶ፣ «በሩን ዘግተን ብናቀጣጥለው እኮ ክፍሉ ይሞቃል» አለ። ጋሼ በዚያች ሌሊት ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ያኔ ብቻ ነው። ልክ ነበሩ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚጓጓዝበት ቦታ ላይ ከኦክስጅኑ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፤ አይነቃም። በየክረምቱ ብርድ ሸሽተው ከሰል አስገብተው የተኙ ቤተሰቦች ወሬ የምንሰማው ለዚህ ነው። ምድር ቤት ውስጥ የሚነሣ ጀኔሬተርም ያው ነው። መሥሪያ ቤት የሚያድር ሰው የሙቀት ምንጩ ልብስና ሌላ ሰው ይሁን፤ እሳት ግን አይሁን።

ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ፣ በማኅተም የታሸገ በር ጀርባ፣ አርባ አዲስ ብርድ ልብስ በአርባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የሂሳብ ሹሙ ሻማ ይዞ በሩ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ማኅተሙን አየው። ያለ ሞዴል 22 ቅጽ ዕቃ ከግምጃ ቤት እንደማይወጣ ሲያስተምረን የኖረ ሰው ነው። ተመልሶ መጥቶ ካርቶኑ ላይ ተኛ።

ቶኪዮ ያደረችበት ሌሊት

እንዲህ ያለውን ሌሊት ከከተሞች ሁሉ በትልቁ ያየችው ቶኪዮ ሳትሆን አትቀርም። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ መጋቢት 11 ቀን 2011፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓን መጠኑ 9.0 በሆነ ርዕደ መሬት ተመታች። ሞትና ጥፋቱ የወረደው ሱናሚው ባጠበው ጠረፍ ላይ ነው። ቶኪዮ ግን ከዚያ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ሕንፃዎቿ ተወዛውዘው ሳይፈርሱ ቀሩ። የቆመው ባቡሩ ነው። ቶኪዮ ደግሞ ባቡሯ ከቆመ እግሯ ተቆረጠ ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት ነበር። የአገሩ መንግሥት በኋላ ባወጣው ግምት፣ በዋና ከተማዋና በዙሪያዋ በዚያ ቀን ቤታቸው መግባት ያልቻሉ ሰዎች 5 ሚሊዮን 150 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሰው ከየሕንፃው ወጥቶ በአንድ ጊዜ መንገዱን ሞላው። በየማዕዘኑ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ምግባቸው አለቀ። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርገው የወጡ ሴቶች ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር በእግር ሊሄዱ ተነሡ። ከትላልቆቹ የባቡር ድርጅቶች አንዱ ጣቢያዎቹን ዘግቶ ሰዉን ብርድ ላይ በማስወጣቱ ከከተማዋ አስተዳዳሪ ቁጣ ገጠመው።

ጃፓኖች ከዚያች ሌሊት የወሰዱት ትምህርት መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ሰዉን ቶሎ ወደ ቤቱ የማድረሻ ዘዴ ከመፈለግ ይልቅ፣ ሰው ባለበት የሚቆይበትን ዘዴ ፈለጉ። ምክንያታቸው እንዲህ ነው። ከአደጋ በኋላ ከፍርስራሽ ሥር ሰው በሕይወት የሚወጣው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ሚሊዮን ሰው መንገድ ላይ ከፈሰሰ አምቡላንስም የእሳት አደጋ መኪናም አያልፍም፤ ሰዉ ራሱም በመገፋፋት ይጎዳል፣ የሚወድቅ መስታወት ያገኘዋል። ስለዚህ ቢሮህ ካልተጎዳ ቢሮህ ቆይ።

ይህን ትእዛዝ ግን በባዶ ሆድ መፈጸም አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቶኪዮ ደንብ ቀጣሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሦስት ቀን ስንቅ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውሃ፣ በሦስት ቀን 9 ሊትር፤ በቀን ሦስት ምግብ፣ በሦስት ቀን 9 ምግብ፤ አንድ ብርድ ልብስ። ከዚህ ሌላ አሥር በመቶ ያህል እንዲጨመር ይመከራል። ጭማሪው ለማን ነው ቢሉ፣ በዚያች ሰዓት ጉዳይ ሊጨርስ መጥቶ ሕንፃው ውስጥ ለተገኘ እንግዳ። ደንቡ መቀጫ የለውም፤ ቀጣሪው የተቻለውን እንዲያደርግ የሚያሳስብ ነው።

ምግቡም የራሱ ጥበብ አለው። ተቀቅሎ የደረቀና ውሃ ሲያገኝ የሚለሰልስ ሩዝ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ዳቦ፣ ደረቅ ብስኩት፤ ብዙው አምስት ዓመት ይቆያል። አንዳንድ አሳንሰር ውስጥ እንኳ ጥግ ላይ ትንሽ ሣጥን አለች፤ ውሃና ተጣጣፊ መጸዳጃ ይዛለች። መስከረም 1 በአቆጣጠራቸው የአደጋ መከላከል ቀን ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮንና ዮኮሃማን ያወደመው ርዕደ መሬት የደረሰበት ነው።

የመሳቢያው ስንቅና የኛ ነውር

የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የወረደው ትልቅ በረዶ የከተማዋን ሜትሮ ባቡር ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ለሙሉ ሲያዘጋው፣ እሷ ዓርብ የገባችበት ሥራ እሁድ ነው የለቀቃት። በሽተኛ ጥሎ አይኬድም፤ ተረኛም አይመጣም። «ስኖው ሲባል ቦርሳዬን አነሣለሁ» ትላለች። ቦርሳዋ ውስጥ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ቻርጀርና የደም ግፊት መድኃኒቷ አለ። በዚያ አገር ለሠራተኛ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ይኸው ነው፦ የራስህን ስንቅ በመሳቢያህ ወይም በመኪናህ ዕቃ መጫኛ አስቀምጥ።

እሷ ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ጨምራለች፤ ድርቆሽ። በዚያ ቅዳሜ ሌሊት ድርቆሹን በሙቅ ውሃ አርሳ፣ በዘይትና በበርበሬ ለውሳ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ልትበላ ተቀመጠች። ሽታው በኮሪደሩ ሄደ። መጀመሪያ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ብቅ አለች፤ ቀጥሎ ሌላ። «አንድ ሰሐን ለአምስት ሰው ሆነ» አለችኝ እየሳቀች። «የራሳቸው ምግብ እኮ በመሳቢያቸው አለ። እኔ ግን ቆመው እያዩኝ እንዴት ልዋጥ?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመሳቢያ ስንቅ አንድ ሰው ሌላው እያየው ብቻውን መብላት ይችላል ብሎ ያስባል። እኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው፤ «እንብላ» ሳይባል የሚጎረስ የለም። እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ካለና አንዱ ብቻ ካሰበበት፣ የአንዱ ስንቅ ስምንት ቦታ ይከፈላል። ያሰበበት ሰው ተርቦ ያድራል፣ ያላሰቡበት ሰባቱም አይጠግቡም። የዚያች ሌሊት የእትዬ በሶ ለእሳቸው ሁለት ቀን ይበቃ ነበር፤ ለዘጠኝ ነፍስ ሲካፈል የአንድ ጉርሻ ዕድሜ ሆነ። ከሁላችን ያነሰ ደመወዝ የሚያገኘው ሰው ሁላችንን አበላን። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሳንቲም አላወጣም።

ስለዚህ በአገራችን የቢሮ ስንቅ ከመጀመሪያው የጋራ መሆን አለበት። ስንቅ ራሱ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሲራራ ነጋዴው ወራት የሚፈጅ መንገድ ሲነሣ፣ ዘማቹ ወደ ዓድዋ ሲተም፣ የቆሎ ተማሪው ከደብር ደብር ሲዞር ያለ ስንቅ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች መንገድ ቀን እንደሚያሳልፍ ያውቁ ነበር። ቢሮ የገባው ሰው ግን በ11 ሰዓት ተኩል ቤቱ እንደሚሄድ እርግጠኛ ስለሆነ ስንቅ መያዝ ተወ። ከዚያ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቁን እያወዛወዘ ሲያባንነን፣ በሌሊት ልብስ ደጅ የወጣው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የተጠያየቀው «ነገ ቢሮ እያለን ቢሆንስ?» ብሎ ነው።

ሃያ ሰው ላለው ቢሮ

ቶኪዮ ሦስት ቀን ብላለች። እኛ ከአንድ ሌሊትና ከማግሥቱ ብንጀምር እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ሃያ ሰው ያለበትን ቢሮ እንውሰድ።

ውሃ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ቢታሰብ 60 ሊትር ይሆናል፤ ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከፀሐይ ራቅ አድርጎ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በየስድስት ወሩ መቀየር ነው፤ የሚደፋው ውሃ ወለል ያጥባል። መጸዳጃ ቤት ክዳን ያለው ሁለት ባልዲና ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ይፈልጋል። አምስተኛ ፎቅ ያደረ ሰው ከረሃብ ይልቅ ይሄ እንደሚያሳቅቅ ይመሰክራል።

ምግቡን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ እሳት ስለጠጣ እርጥበት የለውም፣ በደረቅ ቦታ ወራት ይቆያል፣ ሲበላ ምድጃ አይጠይቅም። መቶ ግራሙ 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ለሃያ ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ቢታሰብ አራት ኪሎ ይበቃል። አምስት ኪሎ ቆሎ፣ ተምር፣ ስኳርና ጨው ይጨመርበት። ጭኮ ቅቤ ስላለው ለጿሚ አይሆንም፤ እንጀራም በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ድርቆሽ ግን ይቆያል፣ ሙቅ ውሃ ካልጠፋ። በሶ፣ ቆሎና ተምር ጿሚውም ሙስሊሙም ሳይጠይቅ የሚበላቸው ናቸው። የእንግዳው ብስኩት ይህን ፈተና ነው የወደቀው።

ከዚያ የሚሞቀው ነገር። ብርድ ልብስ ለሃያው ባይሟላ እንኳ ለአሥሩ ይኑር፤ ካርቶን ግን አይጣል፣ ታጥፎ ቁም ሣጥን ጀርባ ይቁም። መብራት ሲባል ባትሪ ከተጠባባቂ ድንጋዩ ጋር ይሁን፤ ሻማ ወረቀት በሞላበት ክፍል አደጋ ነው። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ ሳሙና፣ ለተቅማጥ የሚሰጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ሞዴስ። ሞዴስ የሚለውን በየስብሰባው እያፈሩ የሚዘሉት ወንዶች ናቸው፤ ግዢውን የሚያጸድቁትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። የሁሉም ሠራተኛ የቤት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ሣጥኑ ክዳን ላይ ይለጠፍ። ከተቻለ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ይጨመር።

ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀር የግል ጉዳይ መድኃኒት ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም ወይም ሌላ በየቀኑ የማይቋረጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሦስት ቀኑን በቦርሳው ይያዝ። ይህን ማንም ሊያካፍለው አይችልም፤ ምን እንደሚወስድ ለማንም የመናገር ግዴታም የለበትም። ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል ቢባልም የተከፈተ ጠርሙስ ሙቀት በማይበዛበት ክፍል ብዙውን ጊዜ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የየራሱን ዓይነት ሐኪምን ጠይቆ ማወቅ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ሌሊትን በገንዘብ ያውቀዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ጎርፍ ይዞት ካርቶን ላይ ላደረ ሰው ግን ይህ ስሌት በሶ አይሆንለትም።

ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ሣጥን መግዛቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሣጥኑን ሕያው አድርጎ ማቆየት ነው። ግምጃ ቤት ከገባ ይታሸጋል፤ ኃላፊው ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ አርባው ብርድ ልብስ ይሆናል። ክፍት ከተተወ ደግሞ ስኳሩ በወሩ ያልቃል።

አሁን በምሠራበት ቢሮ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሣጥን አስገባን። ቁልፍ የለውም፤ ጥበቃዎቹ በሚያዩት ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ወር ስኳሩ ለቡና ተወሰደ። በሁለተኛው ወር ቆሎው በሻይ ሰዓት ጎደለ። ስብሰባ ተጠርቶ ሌባ ፍለጋ ሊጀመር ሲል አንዲት ባልደረባችን፣ «ይበላ፤ የበላ ይተካ» አለች። ጃፓኖችም በየቤታቸው የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ እየበሉ መተካት። ቀኑ እስኪያልፍበት አቧራ ለብሶ ከሚቀመጥ ስንቅ፣ የሚበላና የሚተካ ስንቅ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ዛሬ ክዳኑ ላይ ደብተር ታስሯል። «ግማሽ ኪሎ ቆሎ ወሰድኩ፣ ማክሰኞ አመጣለሁ» ይላል አንዱ መስመር። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ማክሰኞ አለፈ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ሥር፣ «መጣ»።

የንብረት ክፍላችን ሣጥኑን በቆጠራ ጊዜ የት እንደሚመዘግበው ጨንቆት ነበር። ሣጥኑ ቋሚ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ያለው አላቂ ዕቃ ነው። በመጨረሻ ሣጥኑን ብቻ መዝግቦ ውስጡን ለደብተሩ ተወለት።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር እትዬ ጋ ደወልኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው ያው ነው። ያቺን ሌሊት አነሣሁላቸውና ምስጋናዬን ልነግራቸው ብጀምር አቋረጡኝ።

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ እኔ ለናንተ ብዬ አልያዝኩትም። ለራሴ ብዬ ነው የያዝኩት።»

«ግን ሰጡን» አልኩ።

«እና ስምንት ሰው ተቀምጦ እያየኝ ልበላው ኖሯል?» ትንሽ ዝም አሉና ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ ያ ብርድ ልብስ ምን ሆነ?»

ስለ ብርድ ልብሱ የሚያውቁ አልመሰለኝም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ማኅተሙን አየ፤ እንዳልተነካ አረጋግጦ በሩን ከፈተ። ብርድ ልብሱ አርባ ነበር። ሂሳባችንም ያለ አንድ ሳንቲም ጉድለት ተዘጋ።